የ74110 ቁጥር ከየት መጣ? በሽታን እንቢ የሚሉ ጂኖች፣ ከቲማቲም እስከ ካፋ ቡና

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሰብል በሽታ ነው። ስለሚረጭ መድኃኒት ግን ብዙ አንናገርም። ማንም ሳይረጭለት፣ በተፈጥሮው ብቻ በሽታን እንቢ ስለሚል ተክል ነው የምናወራው። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ከቲማቲም እንነሳ። የጓሮ አትክልት የምታለሙ ሰዎች የዘር ማሸጊያው ላይ «ሮማ ቪ ኤፍ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ሮማ የዝርያው ስም ነው። ቪ እና ኤፍ ደግሞ ዝርያው የሚቋቋማቸው የሁለት በሽታዎች ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፤ ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም ይባላሉ። ሁለቱም አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው። በሥር ይገቡና ውሃ ወደ ላይ የሚወጣበትን መስመር ይዘጋሉ። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ይብስበታል። ግንዱን በቢላ በቁመቱ ብትሰነጥቁት፣ ነጭ መሆን የነበረበት ውስጡ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሌሎች ዝርያዎች ማሸጊያ ላይ ኤን የሚል ፊደል ካለ ሥር ላይ እብጠት የሚያወጣውን ኔማቶድ ይቋቋማል ማለት ነው፤ ቲ ካለ ደግሞ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን።

ታዲያ ብዙ ገበሬ የሚያነሳው አንድ ቅሬታ አለ። «በሽታ የሚቋቋም ዘር ነው ተብዬ ገዛሁ። ክረምት ላይ ተከልኩት፣ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ጠቁሮ አለቀ» ይላል። ቅሬታው እውነት ነው፣ ዘሩም አላታለለውም። በእኛ ዝናብና ጉም ቲማቲሙን የጨረሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ምች መታው የሚለው፣ ድንችንም የሚያጠቃው በሽታ ነው። ቅጠሉ ዳር ውሃ የነካው የሚመስል ጠባሳ ይወጣል፣ ጠዋት ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉት ከሥሩ ስስ ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠቁራል። ይህ በሽታ ቪም ኤፍም አይደለም። ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈን በሽታ ዘሩ አይመክትም። «በሽታ የሚቋቋም» የሚለው ቃል ሲነገር ሁልጊዜ «የትኛውን በሽታ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተክሉ ውስጥ እንግባ። እያንዳንዱ የተክል ሴል ውስጥ ጂን የምንላቸው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ የትእዛዝ ጽሑፎች አሉ። ቅጠሉ ምን መልክ እንደሚይዝ፣ ፍሬው መቼ እንደሚቀላ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ሥራቸው ጥበቃ ነው። በሽታ አምጪው ፈንገስ ወይም ቫይረስ ሲመጣ የተክሉን መከላከያ የሚያደነዝዙ ፕሮቲኖችን ወደ ሴሉ ያስገባል። ጠባቂው ጂን የሠራው ፕሮቲን ከነዚህ አንዱን ካወቀ ወዲያው ያስጠነቅቃል፤ የተጠቃው ሴልና ጥቂት ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ይገድላሉ፣ በሽታውም የሚበላው ሕያው ነገር አጥቶ እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ላይ የምታዩት ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ደረቅ ነጥብ ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ምንድን ነው? ይህ ጠባቂ ሌባውን በኮፍያው ብቻ እንደሚለይ ዘበኛ ነው። ሌባው ኮፍያውን አውልቆ በሌላ ቀን ከመጣ፣ ዘበኛው እያየው ያልፋል። በፉዛሪየም የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ አንድ ጠንካራ ጂን አገኙና ወደ ቲማቲም አስገቡ። ጥቂት ቆይቶ ያ ጂን የማያውቀው ሁለተኛ የፉዛሪየም ዓይነት ብቅ አለ። ለሁለተኛው ሌላ ጂን ተፈለገ፣ ተገኘም፤ ሦስተኛ ዓይነት መጣ። ለእሱም ሌላ ጂን ተፈለገ። ሩጫው ዛሬም አልቆመም። ለትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስና ለዘመዶቹ የተገኘው ጂን ግን ለአሥርተ ዓመታት ሳይሰበር ስለቆየ፣ አርቢዎቹ ይህስ የማይደፈር ነው ብለው ነበር። በ2014 እና በ2015 በእስራኤልና በዮርዳኖስ የቲማቲም ማሳደጊያ ቤቶች ውስጥ አዲስ ዘመድ ቫይረስ ታየና እሱንም ጥሶ አለፈ።

እነዚህ ጂኖች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለእኛ ለካፋ ሰዎች ከሁሉ በላይ ይጠቅማል። ከገበያ ቲማቲም አልመጡም። የቲማቲም ትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በፔሩ፣ በኤኳዶርና በቺሊ ተራሮችና ዳርቻዎች ዱር በቀል ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ይበቅላሉ። የመጀመሪያው የፉዛሪየም ጂን የተወሰደው ፍሬዋ የአተር ያህል ከምታክል የዱር ቲማቲም ነው፤ ማንም ለሰላጣ አይፈልጋትም። የኔማቶዱ ጂን ደግሞ ከዚህም ይገርማል። የተገኘበት የዱር ዝርያ ከቲማቲም ጋር ሲዳቀል ፍሬው ውስጥ ያለው ፅንስ ሳይበስል ይሞት ነበር። በ1940ዎቹ ተመራማሪዎች ፅንሱን ከፍሬው አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ አሳደጉት፣ በዚህም አንድ ተክል ተረፈ። ዛሬ በዓለም ገበያ ኔማቶድን የሚቋቋም ቲማቲም ከሞላ ጎደል ሁሉ ጂኑን የወረሰው ከዚያች አንዲት ተክል ነው። ጂኑ ግን ደካማ ጎንም አለው፤ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጂኑ ሥራውን ያቆማል። በቆላ መስኖ የሚያለሙ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

ለቲማቲም የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ምን እንደሆኑ፣ ለአረቢካ ቡና የኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ እሱ ነው። ስለዚህ ቲማቲሙን እዚህ እንተወውና ወደ ቡናችን እንለፍ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቡና ከዚህ ተነስቶ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ዓለም ሲሄድ ይዞ የወጣው የዘሩን እጅግ ጥቂት ክፍል ነው። በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማሳደጊያ ገባ። ከእሱ የተገኘ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ተሰጠ፣ ከዚያም ዘሩ ባሕር ተሻግሮ ካሪቢያን ደረሰ። ለረጅም ዘመን የላቲን አሜሪካ ቡና በአብዛኛው የእነዚህ ጥቂት ተክሎች ልጅና የልጅ ልጅ ሆኖ ኖረ። አንዱ የማይችለውን በሽታ ሌላውም አይችለውም ማለት ነው። የቅጠል ዋግ የተባለው የቡና በሽታ በ1869 ሴሎን፣ የዛሬዋን ስሪ ላንካ፣ ሲገባ የቡና እርሻዋን በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አጠፋው፤ ባለ እርሻዎቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። እዚያ አገር ሻይ የተስፋፋው በቡና መቃብር ላይ ነው። ዋጉ በ1970 ብራዚል ደረሰ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የመካከለኛውን አሜሪካ ገበሬዎች ክፉኛ ጎዳ።

በእኛም ጫካ ውስጥ ዋግ አለ፤ የቅጠሉን ጀርባ ብታዩ ብርቱካናማ ዱቄት ታገኛላችሁ። ጫካውን ግን አይጨርሰውም። ጎን ለጎን የቆሙት ዛፎች በዘር የተለያዩ ናቸው፣ ዋጉን ራሱን የሚበላ ሌላ ፈንገስም አብሮ ይኖራል፤ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ዘመናት አልፈዋል።

የእኛ ትልቁ ፈተና የመጣው በሌላ በኩል ነው። ገበሬውም ባለሙያውም ሲቢዲ የሚለው የቡና ፍሬ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1922 ኬንያ ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1971 ታየ። ቅጠሉን አይነካም፣ ዛፉንም አይገድልም፤ የሚፈልገው ፍሬውን ነው። አበባው ረግፎ አረንጓዴው ፍሬ መወፈር ሲጀምር፣ ከአንድ ወር በኋላ ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል። ነጥቡ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይሰፋል፣ እርጥብ በሆነ ቀን ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነገር ይታያል። ያ ሮዝ ነገር ዝናብ ሲመታው ወደ ሚቀጥለው ፍሬ የሚረጨው የፈንገሱ ዘር ነው። ውስጡ ያለው ቡና ይበሰብሳል። ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይ ጥቁር ሆኖ እቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። ደጋማውንና ዝናብ የሚበዛበትን ቦታ ይወዳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ቦንጋ ለእሱ የተመቸች ናት።

በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በየወቅቱ መድኃኒት መርጨት ነው፤ ኬንያ በትልልቅ እርሻዎች ይህን ታደርግ ነበር። የእኛ ገበሬ ግን ቡናው በጓሮና በጫካ ተበታትኖ፣ ውሃ ከምንጭ በጀርባ እየተቀዳ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ሊረጭ? ሁለተኛው መንገድ ወደ ዛፎቹ ሄዶ መፈለግ ነው። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ በ1967 የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሰዎች ጋር ሆነው ከ1973 ጀምሮ በሁለተኛው መንገድ ሄዱ። ራውል ሮቢንሰን የተባለ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ የሥራው ዋና አሳቢ ነበር፤ ኔዘርላንዳዊው ቫን ደር ግራፍም ምርጫውን አጥንቶ በ1981 የዶክትሬት መመረቂያው አድርጎታል።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። በሽታው ክፉኛ የጨረሰው ቦታ ትሄዳለህ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ጠቁሮ ሳለ አረንጓዴ ፍሬ ተሸክሞ የቆመ ዛፍ ካገኘህ፣ ያ ዛፍ አንድ ነገር ያውቃል። ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ዘሩን ትለቅማለህ፣ ወደ መልኮ ትወስዳለህ። ቁጥሩ የተሰጠውም በዓመቱ ነው። 74110 ማለት በ1974 ከተመረጡት ዛፎች 110ኛው ነው። 741 የዚያው ዓመት የመጀመሪያው፣ 75227 ደግሞ የ1975ቱ 227ኛ። ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጠራው ለዚህ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው ቁጥሩ ትርጉም አይሰጥም። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ «74110 ስጡኝ» ስትሉ የምትጠሩት የአንድ እናት ዛፍ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። 74110 እና 74112 ከመቱ አካባቢ፣ 741 ከጌራ ናቸው። የእኛም አሉበት፤ 744 እና 7440 ከካፋ፣ ከዋሺ የተመረጡ ናቸው።

ጫካ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ ሁሉ ግን ጠንካራ ላይሆን ይችላል። በሽታው ገና ያልደረሰበት፣ ዝናቡ ያለፈው፣ አበባው ቀድሞ የወጣለት ይሆናል። ስለዚህ መፈተን ነበረበት። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ዘሩ ይዘራል። አንድ ወር ተኩል ገደማ ሲሆነው ቀጥ ያለች ግንድ የቡናዋን ፍሬ በራሷ ላይ ተሸክማ ከአፈሩ ብቅ ትላለች፤ ቅጠል ገና አላወጣችም። በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊዮን የፈንገሱ ስፖር ያለበት ውሃ ይረጭባታል፣ እርጥበት ባለበት ቀዝቃዛ ክፍልም ትቀመጣለች። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ይታያል። ደካማው ግንድ ጠቁሮ ተሰብሯል። ጠንካራው ላይ ግን ጥቃቅን ደረቅ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው። ግንዱን ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ያዩት ተመራማሪዎች ጠንካራው ተክል በሽታው በደረሰበት ቦታ ላይ እንደ ቡሽ ያለ የሴል ግድግዳ አጥሮ ፈንገሱን እንደሚያግድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳይተዋል።

ይህንን በማሳችሁም ልታዩት ትችላላችሁ። ፍሬው ላይ ያለው ጠባሳ ጥቁር፣ የሰረጎደና የሚሰፋ ከሆነ በሽታው እያሸነፈ ነው። ጠባሳው የገለባ መልክ ያለው፣ ደረቅና ባለበት የቆመ ከሆነ ዛፉ እያሸነፈ ነው። ሁለቱንም በአንድ ማሳ ላይ ማግኘት አይገርምም።

የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ወጡ። በሽታው ከታየ ሰባት ዓመት ገደማ ብቻ ነው! አዲስ የቡና ዝርያ በማዳቀል ለማውጣት ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ይፈጃል። በእኔ አመለካከት ኢትዮጵያ በግብርና ምርምር ከሠራቻቸው ሥራዎች ይህን የሚያህል ብዙ የለም፣ የሚገባውን ያህልም አልተነገረለትም። ያን ያህል የፈጠነው ሊቃውንቱ አዲስ ነገር ስለፈጠሩ አይደለም። ጂኖቹ ጫካው ውስጥ ነበሩ፣ ገበሬውም ዛፎቹን ያውቃቸው ነበር።

የኬንያ ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። አንዱን ጠንካራ ጂን ከሌላው እየደራረቡ በማዳቀል ሩይሩ 11 የተባለውን ዝርያ በ1985 አወጡ። ከጂኖቹ አንዱን ያገኙት ሩሜ ሱዳን ከተባለ ቡና ነው፤ የተሰበሰበውም ከእኛ ድንበር ማዶ፣ ከደቡብ ሱዳን የቦማ ከፍታ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ጫካ የተመረጡት ዝርያዎች ግን ተቋቋሚነታቸው በአንድ ጂን ላይ የቆመ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚያግዝ የብዙ ጂኖች ድምር ነው ተብሎ ይታመናል። ሮቢንሰን የሚመርጠው ይህንኑ ነበር። ሙሉ በሙሉ አያግድ ይሆናል፤ ጥቂት ፍሬ ሊጠቁር ይችላል። ፈንገሱ ግን አንድ ነገር ለውጦ በአንድ ቀን ሊያልፈው አይችልም። ከ1970ዎቹ ወዲህ እነዚህ ዝርያዎች አገልግሎት ላይ መቆየታቸው ይህን ይደግፋል።

ስለ ጌሻ ሳልናገር ባልፍ ቅር የሚለው አድማጭ ይኖራል። በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራባችን ጫካ የተሰበሰበና ጌሻ የሚለውን ስም የያዘ ዘር ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተጓዘ። ፓናማ የወሰደችው ለጣዕሙ አልነበረም፤ ዋግን ይችላል ተብሎ ነው። ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ችላ አሉት። በ2004 በአንድ ውድድር ላይ ለብቻው ተቆልቶ ሲቀመስ ዳኞቹን አስደነቀ፣ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ሰማይ ነካ። በሽታን ይቋቋማል ተብሎ የተወሰደ ዘር ማንም ያልጠበቀው መዓዛ ይዞ ተገኘ። ጫካችን ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ማሳችሁ። አንደኛ፣ ሲቢዲን የሚቋቋም ቡና አድርቅን ይቋቋማል ማለት አይደለም። አድርቅ ዛፉን ከነሥሩ የሚገድለው፣ አገራችን ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ሌላ በሽታ ነው፤ የሚገባውም በአብዛኛው በቁስል በኩል ነው። አረም ስታጭዱ ገጀራው የቡናውን ግንድ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከግንዱ ሥር ያለውን አረም በእጅ ብትነቅሉት ይሻላል። አንድ ዛፍ በአድርቅ ከሞተ ማገዶ ብላችሁ በማሳው ውስጥ አትጎትቱት፣ ነቅላችሁ እዚያው አቃጥሉት።

ሁለተኛ፣ ዘር ስለመልቀም። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስለዚህ ከ74110 የለቀማችሁት ዘር ባመዛኙ እናቱን ይመስላል። አባ ቡናን የመሰሉ ድቅል ዝርያዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ከድቅል የተለቀመ ዘር ልጆቹ ይበታተናሉ፣ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ይወጣል። ለድቅል ቲማቲምም ሕጉ ይኸው ነው፤ ተቋቋሚነቱ በአንድ ጂን ከሆነ በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ አንዱ ገደማ ያለ ጂኑ ይወለዳል። ሮማ ቪ ኤፍ ድቅል ስላልሆነ ዘሩን ከጤነኛ ተክል ማስቀረት ይቻላል።

ሦስተኛው የእኔ ሐሳብ ነው፣ የማይስማማ ባለሙያም ይኖራል። ማሳችሁን በሙሉ በአንድ ቁጥር አትሙሉት። ችግኝ ጣቢያው አንድ ዝርያ ብቻ ካለው ሌላውን ጠይቁ፤ ሁለት ሦስት ዝርያ በየረድፉ ለያይታችሁ ትከሉ። አያቶቻችሁ ያቆዩትን የጫካና የጓሮ ቡና ደግሞ ምርቱ አነሰ ብላችሁ ሙልጭ አድርጋችሁ አትንቀሉት። ዩኔስኮ በ2010 የካፋን ጫካ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዋናው ሀብት ያለው ግን ካርታው ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ዛፍ ውስጥ ነው።

በመጪው ሰኔና ሐምሌ፣ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ዝናቡ ሲበረታ፣ ማሳችሁን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን ዙሩት። ጎረቤቶቹ ጠቁረው ሳለ ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ ካያችሁ ቅርንጫፉ ላይ ገመድ እሰሩበት። በሚቀጥለው ዓመትም እዩት፤ አሁንም ጤነኛ ከሆነ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩት። እነ 744 የተገኙት እንዲህ ነው።